በቢራ ሳጥን የተጓዙ 24 ችግኞች፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አራት ኪሎ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ደብረ ብርሃን፣ ላምበረት፣ አራት ኪሎ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጭነቱ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ደብርና አንድ መስጊድ ግቢ የሚተከሉ 12 የአበሻ ጥድ፣ 8 ወይራ እና 4 ኮሶ ነበር። ቁመታቸው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከነፕላስቲካቸው በሁለት የቢራ ሳጥን ተደርድረዋል። የጥዱ ዘር የተለቀመው ከወፍ ዋሻ ደን ዳርቻ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር ነው እየተባለ ይነገራል። ስለዚህ ጥድ ከዚያ ተራራ ወደዚህ ሲወርድ የመጀመሪያው አይደለም። የንጉሡ ዘር ግን የአውቶቡስ ረዳት አልገጠመውም።

ለሰው 350 ብር ተከፍሎ ካበቃ በኋላ ረዳቱ ለሳጥኖቹ 200 ብር ጨመረና "ጭቃ ነው፣ ውስጥ አይገባም" ብሎ ፖርቶ መጋላ ላይ ሰቀላቸው። ጥፋቱ የተሠራው እዚያ ላይ ነው። መኪና ጣሪያ ላይ ችግኝን የሚገድለው ፀሐይ ብቻ አይደለም። ንፋሱ ከቅጠሉ የሚነጥቀውን ውኃ ሥሩ ተክቶ አይደርስበትም፤ በዚያ ላይ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አፈሩ ከሥሩ ይላቀቃል። ሸኖ ላይ ዝናብ ሲጥል ደስ ብሎን ነበር፤ ለካ ዝናቡ የላላውን አፈር አጥቦ እየጨረሰው ኖሯል። የሸኖን ቅቤም ረቡዕ ስለነበር በዓይን ብቻ አይተን አለፍን።

ላምበረት መናኸሪያ ሳጥኖቹ ሲወርዱ የሁለት ጥድና የአንድ ኮሶ አፈር ሙሉ በሙሉ ተፈረካክሶ ሥራቸው ባዶውን ቀርቷል። የቀሩት 21 ጠውልገዋል። የጠወለገ ችግኝ ላይ ከላይ ውኃ መርጨት ቅጠሉን ያረጥባል እንጂ እምብርቱ ላይ የደረቀውን አፈር አይደርስበትም። መድኃኒቱ ከሥር ማጠጣት ነው፦ ሳፋ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይሞላል፣ ችግኙ ከነፕላስቲኩ ይቆማል፣ አረፋው መውጣት እስኪያቆም 20 ደቂቃ ግድም ይጠበቃል። ከዚያ ጥላ ሥር ያድራል። አራት ኪሎ አካባቢ በ900 ብር የተያዘው ፔንሲዮን የልብስ ማጠቢያ ሳፋውን ሰጠን፤ ውኃው ግን በፈረቃ ስለሚመጣ 50 ብር ለብቻው ተጠየቀ። ሠራተኛዋ ኮሪደሩ ላይ የቆሙትን ጥዶች እያየች "የገና ዛፍ በሐምሌ?" አለች። እራት በየአይነቱ፣ 250 ብር። ደብረ ብርሃን በዚህ ሁለት ሰው ይበላበታል፤ ምስሩ ግን የአዲስ አበባው ይበልጣል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17፤ አራት ኪሎ

ጠዋት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና በዓታ ለማርያም ተዞሩ። ሥላሴ ግቢ ሲገባ የመኪናው ጩኸት ከአጥሩ ውጭ ይቀራል፤ ሰው ዛፍ ተደግፎ ዳዊት ይደግማል። አገር ቤት ዛፉን የደብሩ ልብስ ይሉታል፤ ዛፍ የሌለው ደብር ራቁቱን እንደቆመ ይቆጠራል። ሰሜኑ ውስጥ የአበሻ ጥድ፣ የወይራና የዝግባ ዘር ዛሬም የሚገኘው በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያንን ከከበበው ደን ነው። ደቡብ ጎንደር ላይ እነዚህን ደኖች ለማዳን የተያዘው ሥራ በድንጋይ ካብ ማጠር ነበር። ካቡ ከብት ያስቀራል፤ ከብት ሲቀር የወደቀው ዘር ራሱን ችሎ ይበቅላል።

አዲስ አበባ መሀል ላይ ከብት የለም። እዚህ የዛፉ ጠላት ሌላ ነው፤ ስሙን የማናነሣው አንድ ደብር ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የዋልነውም ከእሱ ጋር ስንታገል ነው።

ግቢው ንጹሕ ነው። ከበር እስከ ቅጽሩ ድረስ በሲሚንቶ ተለብጦ በላዩ ታይል ተነጥፏል። ሦስት ትልልቅ ጥዶች አሉት፤ የአንዱ ግንድ ውፍረት 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሲሚንቶው እስከ ቅርፊቱ ድረስ ተጠግቶ ስለተሞላ ግንዱ እንደ ምሰሶ ከወለሉ የበቀለ ይመስላል። ሽቅብ ሲታይ የላይኛው ቅርንጫፍ ጫፍ ደርቋል። ለድምፅ ማጉያ የታሰረው ሽቦ ደግሞ ቅርፊቱን ሁለት ጣት ያህል ሰርጉዶ ገብቷል።

"ሲሚንቶው ስንት ዓመቱ ነው አባባ?" ተባሉ የግቢው አትክልተኛ።

"አምስት። አንድ ምዕመን በስለት አሠራልን። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጭቃው ጠፋ። ዛፉ ግን ከዚያ ወዲህ ነው ማርጀት የያዘ።"

አባባ ልክ ናቸው። ዛፍ የሚመገብበት ቀጭን ሥር አብዛኛው ያለው በላይኛው 30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ያ ሥር ውኃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ሁለቱንም ይዘጋል። ትልቅ ዛፍ የተጠራቀመ ጉልበት ስላለው ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ ጫፉ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን በንፋስ ይወድቃል። ያኔ "አርጅቶ ነው" ይባልና ለማገዶ ይሸጣል።

የደብሩ አለቃ መጥተው አዩ፣ ዝም ብለው ቆዩ፣ ከዚያ "ስለት ነው ልጆቼ፤ እንዴት ይፈርሳል?" አሉ። ጥያቄው የእልህ አይደለም። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር ነው። የተስማሙት ሁሉንም ሳይሆን በየግንዱ ዙሪያ ብቻ እንዲከፈት፣ የተነሣው ታይል ደግሞ ሳይሰበር ለቤተልሔሙ፣ የቅዳሴው ኅብስት ለሚጋገርበት ቤት፣ ወለል እንዲውል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከግንዱ 2 ሜትር ተለክቶ በኖራ ክብ ይሰመራል። ታይሉ አስቀድሞ በመሮ ይነሣል። ሲሚንቶው በግራይንደር ይቆረጣል፤ ኪራዩ ለቀን 600 ብር፣ ዲስኩ ለብቻው 250 ብር ወጥቶበታል። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ስለነበር አንድ ዲስክ ለሁለት ዛፍ ብቻ በቃ። የተቆረጠው በመዶሻ ተሰባብሮ በእጅ ይለቀማል። እዚህ ላይ ዶማ ማንሣት ክልክል ነው! አምስት ዓመት አየር ሲናፍቅ የኖረው ሥር ሲሚንቶው ሥር ተለጥፎ ስለሚገኝ አንድ የዶማ ምት ብዙ ያጠፋል። አፈሩ በቀጭን ብረት ዘንግ እየተወጋ ብቻ ይላላል፣ በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር የበሰለ ኮምፖስት፣ ከዚያ 8 ሳንቲ ሜትር የደረቀ ሣርና ቅጠል ይጎዘጎዛል። ጉዝጓዙ ከቅርፊቱ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ከተጠጋ ግንዱ በእርጥበት ይበሰብሳል። ሽቦው አይጎተትም፣ በየቦታው ተቆርጦ የሚወጣው ይወጣል፣ ዛፉ የዋጠው እዚያው ይቀራል።

ከሦስቱ ጥዶች ሁለቱ ተከፈቱ። ሦስተኛው ሥር ሁለት መቃብር ስላለ ቤተሰብ ሳይጠየቅ አይነካም ተባለ።

ምሳ ያበሉን አንዲት እማሆይ ናቸው፤ ሽሮና የድፎ ዳቦ። ስለ ትልቁ ጥድ ሲጠየቁ "በጸሎት ነው የቆመ ይላሉ" አሉና ወጡን እየጨመሩ "ውኃ የቀዳሁለት ግን እኔ ነኝ" ብለው ሳቁ።

ከሰዓት ተከላው ሆነ። ቦታው ለ14 ብቻ በቃ፦ 8 ጥድ፣ 3 ወይራ፣ 3 ኮሶ። ጥዱ ስምንት የሆነበት ምክንያት አለው። ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት፣ ችግኝ ሳለ ደግሞ አይለይም። ሁለት ብቻ ተክሎ ሁለቱም ወንድ ከሆኑ ከዚያ ግቢ ዘር አይገኝም። ኮሶም እንደዚሁ ነው። የግቢው ትልልቅ ሦስት ጥዶች ሥር ተፈልጎ አንድም ሰማያዊ ፍሬ አልተገኘም፤ ሦስቱም ወንድ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጉድጓዱ 50 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው አፈር በአንድ ወገን የታችኛው በሌላ ወገን። በጥድና በወይራ መካከል 4 ሜትር፣ ለኮሶ ከ6 ያላነሰ፣ ከግንብ 3 ሜትር። ፕላስቲኩ ከታች አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከነሥሩ ተቆርጦ ይጣላል፤ እዚያ የተጠቀለለ ሥር አለ፣ ካልተቆረጠ ዛፉ አድጎም ራሱን ያንቃል። ቀጥሎ ጎኑ ተቀዶ ይወጣል። አንገቱ ከመሬት እኩል ይሁን። ሐምሌ ስለሆነ ዙሪያውን ገንዳ አድርጎ ውኃ ማቆር አያስፈልግም፤ የቆመ ውኃ ጥድን ያበሰብሳል። ገንዳው የሚሠራው መስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲወጣ ነው። ከዚያ እስከ በልግ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለእያንዳንዱ 10 ሊትር። አባባ ጀሪካናቸውን አምጥተው "አሥሩ የቱ ጋ ነው?" አሉ፤ በምስማር ጭረት ተደረገላቸው።

በመጨረሻ 14ቱም ፕላስቲክ ተቆጥሮ ተሰበሰበ። በችግኝ ተከላ ሰሞን በየኮረብታው የሚቀረው ጥቁር ላስቲክ የእኛው የተካዮቹ ነውር ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18፤ ፒያሳ፣ መርካቶ

ማልዶ በታክሲ ፒያሳ፣ 15 ብር። ጊዮርጊስ ተሳልሞ ማኪያቶ በ60 ብር። መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው ክፍል ለአንድ ሰልፍ ይበቃል፣ ጥላው ግን ገና ነው።

የዓርብ ጉዳይ ጧፍና ዕጣን ነበር። ሁለቱም ከጫካ መጥተው መቅደስ ውስጥ የሚነድዱ ናቸውና። የጧፍ ሥርዓቱ የንብ ሰም ነው፤ ገበያው ላይ ያለው ግን በብዛት ፓራፊን የተደባለቀበት ወይም ጨርሶ ፓራፊን ነው። መለየት ቀላል ነው። የንብ ሰም በእጅ ሙቀት ለስልሶ ይታጠፋል፣ ፓራፊኑ ይሰበራል። ሰሙ በጥፍር ሲፋቅ እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ማር ማር ይሸታል፤ ፓራፊኑ ይፈረፈራል፣ ሲጠፋ የላምባ ሽታ ይተዋል፣ ጣሪያም ያጠቁራል። አንዲት ሻጭ ሁለቱንም ጎን ለጎን ደርድራ በግልጽ ትሸጣለች፤ ንጹሑ ከሦስት እጥፍ በላይ ዋጋ አለው። "ሰው ርካሹን ነው የሚወስደው፣ ታቦት አያሸትም እያለ" አለች። የንብ ሰም የሚገዛ ደብር ሳያውቀው ብሳናና ግራዋ የሚያብብበት ገደል እንዳይመነጠር ይከፍላል፤ አበባ ከሌለ ማርም ሰምም የለም።

መርካቶ ለዕጣን ተራ መንገድ መሪ አያስፈልግም፤ ሽታው ይመራል። ነጋዴዎቹ የትግራይ፣ የቦረናና የኦጋዴን ብለው ይለያሉ። ለቅዳሴ የሚፈለገው የትግራይ የሚባለው ሲሆን ከመተማም ከሁመራም ይመጣል፤ ዛፉ ከትግራዩ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሲመረጥ ነጣ ያለው፣ ጠብታው ትልቁ፣ ቅርፊት ያልተቀላቀለበት ይወደዳል። ሲገዛ ግን ማንም የማይጠይቀው ዛፉ እንዴት እንደተፋቀ ነው። ዛፉ በበጋ ወራት በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ይፋቅና ያነባል፤ የደረቀው ዕንባ ተለቅሞ ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያልሞላው መነካት የለበትም፣ ለዓመታት የተፋቀውም ማረፍ አለበት። እረፍት ሲነፈገው ዘሩ ይመናመናል፣ ቁስሉ ጥንዚዛ ይጠራል። የበቀለችውንም ጥቂት ችግኝ እሳትና ከብት ይጨርሷታል። ስለዚህ በብዙ ቦታ የቆመው ሽማግሌ ዛፍ ብቻ ነው፣ ተተኪ የለውም። መቶ ግራም ዕጣን የገዛንበት ፌስታል ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነበር። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቀጫጭን ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር፤ በግንቦት 2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዲስ ሕግ ጠቅልሎ ያግዳል። ሻጩ "እስኪያልቅ ነው" አለ፤ ከኋላው ሦስት ጥቅል አለ።

ጁምዓ ሲደርስ ታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ሰጋጁ መንገዱን ሞላው። ጎረቤቱ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሁለቱ ዛፎች አንድ ዝናብ ይጠጣሉ። ከስግደት በኋላ ግን ጉዟችን ከዚያ ራቅ ወዳለ አንድ ትንሽ መስጊድ ነበር፤ የቀሩት 5 ወይራና 2 ጥድ እዚያ ቀጠሮ ነበራቸው።

እዚያ ያየነው ነገር ከጉዞው ሁሉ ይበልጣል፤ የውዱእ፣ ከስግደት በፊት የሚደረገው መታጠብ፣ ውኃ ዛፍ ያጠጣል። ነቢዩ ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውኃ እንደሆነ በሐዲስ ተዘግቧል፤ ሙድ ማለት ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው፣ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ቧንቧው ግን ሌላ ነው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ተደቅኖ ሲለካ በ8 ሴኮንድ ሞላ፤ ተከፍቶ ከተተወ በደቂቃ ከ7 ሊትር በላይ ይፈስሳል ማለት ነው። ሼኹ ቧንቧዎቹን በግማሽ አስጠብበው እንዲያም ሆኖ የሚፈስሰውን ለዛፍ አውለውታል።

ውኃው ሳሙና ስለሌለበት ለዚህ ይመቻል። ከመታጠቢያው የሚወጣው ቦይ ከሽንት ቤቱ መስመር ፍጹም የተለየ ነው፤ ይህ ካልሆነ ቀሪው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይገባል፣ ደለሉ እዚያ ይቀራል። ቀጥሎ ከታች 20 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላይ 40 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ያለበት በርሜል አልፎ በጎማ ቱቦ ወደ ዛፎቹ ሥር ይወርዳል። ከ24 ሰዓት በላይ አይጠራቀምም፤ ይሸታል፣ ትንኝም ያራባል። አንድ ጊዜ ተበላሽቶ ነበር። ቦዩ ላይ ሰው በኦሞ ልብስ ሲያጥብ ሰንብቶ የሁለት ዛፍ ቅጠል ጠርዙ ተቃጠለ፤ አሸዋውም ደፈነ። አሸዋው ተቀይሮ፣ አፈሩ ለሳምንት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ዛፎቹ ተርፈዋል። አሁን ቦዩ ክዳን አለው።

ወይራዎቹ ሲታዩ ሼኹ ፊታቸው በራ። "ቁርኣን ላይ የተባረከች ዛፍ ተብላለች" አሉ። የእኛው ወይራ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ዘይት አይጨመቅበትም፤ ዘሩ ግን ያው ነው። ጋን የሚታጠነውም በእሱ ነው። ቀጠሉና፦ "ሰው ዛፍ ተክሎ ወፍ እንኳ ከፍሬው ብትበላ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል።"

ይኼ ንግግር ከሐሙሱ ታይል ጋር አብሮን አደረ። መስጊዱ ውስጥ ዛፍ መትከል የስጦታ ስም አለው። ቤተ ክርስቲያንም "ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ" የሚለውን በዘፍጥረት ታነብባለች፤ ስለቱ ግን ምንጣፍ፣ ዣንጥላ፣ መጋረጃና ሲሚንቶ ላይ ቀርቷል። ዛፍ በስለት የሚሰጥ ሰው እስከዛሬ አልገጠመንም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19፤ ግቢ ገብርኤል

የገብርኤል ንግሥ ስለሆነ ከአራት ኪሎ ጀምሮ መንገዱ ነጭ ለብሷል። ቄጤማው እቅፍ 40 ብር፣ ጧፉ 10 ብር፣ ውኃው 25 ብር። ታቦቱ ሲወጣ ዝናቡ መጣ፤ ማንም አልተነቃነቀም።

የንግሥ ቆሻሻ አብዛኛው ሃይላንድና የጧፍ መጠቅለያ ነው። ሃይላንዱ አይቀርም፤ ቆራሌዎችና ልጆች ከሰው እግር ሥር ይለቅሙታል፣ ዋጋ አለውና። የሚቀረው ክዳኑና ስሱ ፌስታል ነው፤ ሁለቱም ዝናቡ ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ወንዝ ይወስዳቸዋል። የሰንበት ተማሪዎች ጆንያ ይዘው በሩ ላይ ከመቆም ይልቅ ሰው ቆሞ ውኃ የሚጠጣበት ጥላ ሥር ቢቆሙ ብዙ ይሰበስባሉ፤ ሰው ጠጥቶ ሲጨርስ ከሦስት አራት እርምጃ በላይ ይዞ አይሄድም።

በድምፅ ማጉያ ስለት ይነበባል። አንድ ዣንጥላ። አንድ ምንጣፍ። አምስት ኩንታል ሲሚንቶ፤ እልልታ።

የመልሱ አውቶቡስ 9 ሰዓት ላይ ተነሣ። ባዶዎቹ ሳጥኖች ያለ ክርክር ወንበር ሥር ገቡ።

ነሐሴ 20 አባባ ደወሉ። ከ14ቱ 12ቱ ይዘዋል። አንዱን ኮሶ የፍልሰታ ሱባዔ ድንኳን ሲተከል ካስማ መትተውበታል፤ አንዱ ጥድ ቀልቷል፣ ምናልባት በአውቶቡሱ የተጎዳው ነው። "ሦስተኛው ጥድ ሥር ያለው ቤተሰብም ተስማምቷል፣ ዲስክ ይዛችሁ ኑ" አሉ። ሁለቱ ምትክ ችግኞች ዝናቡ ሳይወጣ ሰኞ ይላካሉ፤ በሰው እቅፍ፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው።